ለዳኛው የተጋደመ ግንድ

ቤታችን ቡራዩ ነው፣ ከገፈርሳ ወረድ ብሎ። ከፊት ለፊት የጎረቤታችን የፈቀደ ፎቅ፣ ከግራም ከቀኝም የመጋዘን ግንብ፣ ከኋላ ጎርፍ የቆፈረው ጉድባ። መሃል ላይ እኔ ጠጅቱና ባለቤቴ ኪዳነወልድ። እንስራ ውስጥ የገባች አይጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሷን ነን።

ድሮ መውጫችን በፊት በኩል ነበር። የፊቱ ቦታ ባለቤት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጋሪ በሚያስገባ መንገድ አብረውን ይገቡ ይወጡ ነበር። እሳቸው ሲያርፉ ልጆቻቸው ለፈቀደ ሸጡለት። ፈቀደ ክፉ ሰው ነው ብል እግዜር ይታዘበኛል። ሰላምታ አያጓድልም፤ ኪዳነወልድ የታመመ ጊዜ ብርቱካን ይዞ መጥቶ ጠይቋል። ግን ካርታ አለኝ አለ። «እትዬ ጠጅቱ፣ እኔ የገዛሁትን ነው ያጠርኩት፤ ካርታዬ ላይ መንገድ የሚባል ነገር የለም» ብሎ መንገዱ ላይ የኪራይ ክፍሎች ደረደረበት። አንድ ቀን ገበያ ውዬ ስመለስ በር በነበረበት ቦታ ብሎኬት ጠበቀኝ።

ለእኔስ ግድ አልነበረም። ጉድባው በበጋ ደረቅ ነው፤ የባሕር ዛፍ ሥር ጨብጦ መውረድ፣ ሥር ጨብጦ መውጣት ነው። ጣጣው የኪዳነወልድ ነው። ከአሸዋ ሜዳ መርካቶ ሚኒባስ ሲነዳ የኖረ ሰው ስትሮክ መታውና የቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ሐኪሙ «ፊዚዮቴራፒውን ካላቋረጠ ይራመዳል» ብሎናል። ካላቋረጠ! ቤቱ ውስጥ የታሸገ ሰው እንዴት አድርጎ ነው የማያቋርጠው? የሕክምናው ቀን ሲደርስ ከጉድባው ማዶ የሚኖሩት ኦቦ ለሜሳ ሳንቃ ያጋድሙልናል፣ የሰፈር ጎረምሳ ያዝለዋል፣ ሲመለስ ሳንቃው ይነሳል። ኪዳኔ ሲታዘል ፊቱን ያዞራል። ስንት ዓመት ሰው ያመላለሰ ሰውዬ በሰው ጀርባ ላይ ሆኖ ሚስቱን ማየት አፈረ።

ከሰስኩ። መውጫ የሌለው ሰው በጎረቤቱ በኩል መንገድ እንዲሰጠው ሕግ አለ፤ ይህንን የነገረኝ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ ነው። ጠበቃ አልያዝኩም። እውነት ይዤ ጠበቃ ምን ያደርግልኛል አልኩ። ችሎቱ በአፋን ኦሮሞ ነው፣ እሱንም ተወልጄ ያደግሁበት ነው፣ አስተርጓሚ አያሻኝም። ዳኛው ግራ ቀኙን ሰሙና «ቦታውን ሄጄ በዓይኔ አያለሁ» አሉ። ደስ አለኝ። ጉድባውን ያየ ዳኛ ምን ቀረው?

ታዲያ ምን ብናደርግ ጥሩ ነው? ዳኛው ሊመጡ ዋዜማው ላይ ኦቦ ለሜሳ ከዘራቸውን ይዘው ጉድባው ጫፍ ላይ ቆሙ። «ጠጅቱ፣ ነገ ትልቅ እንግዳ ይመጣብሻል። በዚህ ገደል ተንሸራቶ ሊገባ ነው? ነውር አይደለም እንዴ?» አሉ። ነውር ነው! እኔም አልኩ፣ ሰፈሩም አለ። ለልጃቸው ቤት ምሰሶ ብለው ያስቆረጡትን የባሕር ዛፍ ግንድ አወጡ። ወንዶቹ አጋደሙት፣ በሚስማር መቱት፣ አፈር ደለደሉበት። ሴቶቹ እሾኹን መነጠርን። ቄጠማ እንጎዝጉዝ ያለችም ነበረች፤ እሱን እንኳ ይቅር አልኩ። ሲያልቅ ቆመን አየነው፤ እንኳን ዳኛ ሙሽራ ያሳልፋል።

በማግስቱ ዳኛው መጡ። የተወለወለ ጥቁር ጫማ አድርገዋል። እጃቸውን ይዤ አሻገርኳቸው፤ ጠብታ ጭቃ አልነካቸውም። ጊቢውን አዩ፣ የፈቀደን ግድግዳ አዩ፣ ኪዳነወልድን አልጋው ላይ አዩት፣ «ፈያ?» ብለው ጤንነቱን ጠየቁት። ከዚያ መሻገሪያው ላይ ተመልሰው ቆሙና «የምትገቡት የምትወጡት በዚህ ነው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ክቡርነትዎ» አልኩ። በዚህ ነዋ! በሰማይ አንበር። ኦቦ ለሜሳ አጠገቤ ቆመው አንገታቸውን ደፍተዋል። ግንዱ የእኔ ነው፣ ለእርስዎ ብለን ነው አይሉ ነገር። ለእንግዳ የለፉበትን ለእንግዳ መንገር ምን ይባላል? እኛ አገር ወጥ አልቆብን እንኳ «ጠገብን፣ አንተ ብላ» ነው የምንለው። ዳኛው ወረቀታቸው ላይ ጻፉ፣ ተሰናበቱን፣ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ኦቦ ለሜሳ ግንዳቸውን ነቅለው ለልጃቸው ቤት ወሰዱ።

ፍርዱ መጣ። «ቦታው በአካል ታይቶ ሌላ ምቹ መውጫ እንዳለው ስለተረጋገጠ ክሱ ውድቅ ተደርጓል።» ምቹ! ችሎቱ ውስጥ የጮኽኩት ጩኸት ገፈርሳ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ፖሊሱ ክንዴን ይዞ አወጣኝ።

ያኔ ነው ጀዋሂርን ያገኘኋት። ልጅ እግር ጠበቃ ናት። ሂጃቧን ሸብ አድርጋ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በጉድባው ተንሸራታ ቤቴ መጣች፤ በዚሁ ወደድኳት። የሆነውን ሁሉ ስነግራት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«እትዬ ጠጅቱ፣ ይሄን ለዳኛው አልነገሯቸውም?»

«እንግዳ ናቸዋ!»

«ይግባኝ እንላለን» አለች። «ግን አንድ ነገር ይወቁልኝ። ላይኛው ፍርድ ቤት ጉዳዩን እንደ አዲስ አይሰማም። ምስክር አይጠራም፣ ጉድባ አይወርድም። የሚያየው መዝገቡን ነው፤ እታች የተባለውንና የተጻፈውን። እዚያ ያልተባለ ነገር እነሱ ዘንድ እንዳልሆነ ይቆጠራል።»

«እኔ ቁጭ ብዬ እየነገርኳቸው?»

«እርስዎ ቁጭ ብለው እየነገሯቸው።»

ይሄ ምን ዓይነት ነገር ነው? ሽማግሌ እንኳ አንዱ ያበላሸውን ሌላው ሲያይ «እስቲ ከሥሩ ንገሩን» ይላል። ኪዳነወልድ ግን አልጋው ላይ ሆኖ ሳቀ። «ጠጄ፣ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ነው» አለኝ። «ክሱ ከተጻፈ በኋላ ለአለቃው ብትምይ ብትገዘቺ፣ ወረቀቱን ነው የሚያየው።» ሹፌር ስለሆነ ነገሩ ቶሎ ገባው።

ላይኛው ፍርድ ቤት ዳኞቹ ሦስት ናቸው። ጀዋሂር «ሳይጠይቁዎት እንዳይናገሩ» ብላ አስምላኝ ነበር። ሰብሳቢው ዳኛ መዝገቡን ሲያገላብጡ ቆዩና ቀና አሉ።

«ይግባኝ ባይ፣ የታችኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ራሳቸው ተሻግረው እንደገቡ ተጽፏል። ሐሰት ነው ይላሉ?»

«ኧረ ተሻግረዋል! እጃቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ግንዱ ግን የኦቦ ለሜሳ ነው። ለእሳቸው ብለን ያጋደምነው ነው፤ ያኑ ዕለት ተነስቷል።»

«ይህን እዚያው አመልክተዋል?»

«ለሰው እንግዳ፣ ጫማዎ እንዳይጨቀይ ስንለፋ ዋልን ይባላል እንዴ?»

ከኋላዬ የሳቀ ነበር። ዳኛው አልሳቁም። «አዲስ ማስረጃ እዚህ አንቀበልም» ብለው ዝም አሰኙኝ። ጀዋሂር ተነሳች። ልጅት የዋዛ አይደለችም፤ ስለ ግንዱ ትንፍሽ አላለችም። «ክቡራን ዳኞች፣ የከሳሽ ባል መራመድ እንደማይችል ከመጀመሪያው ክስ ላይ ተጽፏል፤ መዝገቡ ውስጥ አለ። የታችኛው ፍርድ ቤት መሻገሪያው ለእንዲህ ዓይነት ሰው የሚሆን ነው ወይ፣ ዘላቂ ነው ወይ የሚለውን ሳይመረምር አልፎታል። ስህተቱ ይሄ ነው» አለች። የፈቀደ ጠበቃ ተነስቶ ሊከራከር ሞከረ። ዳኞቹ ግን ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ።

ውሳኔው ሲነበብ «ተሽሯል» የምትለዋን ቃል ሰምቼ ልቤ ዘለለች። ቀጥለው ምን አሉ? «መሻገሪያው ዘላቂ መሆኑና ለታመመ ሰው የሚያገለግል መሆኑ በድጋሚ ታይቶ እንዲወሰን ወደ ታችኛው ፍርድ ቤት ይመለስ።» አልሸሹም ዞር አሉ! ቢሆንም ደስ አለኝ። ጉድባዬ እንደገና ሊታይ ነው፣ ያውም በክረምት።

ጀዋሂር ደጅ ላይ ያዘችኝ። «አሁን በደንብ ይስሙኝ። ዳኛ እስኪመጣ ድረስ ጉድባው ላይ አንዲት እንጨት እንዳትጋደም። ድንጋይ እንኳ። የፈቀደ ሰዎች በስልክ ፎቶ ያነሳሉ። አንድ ሳንቃ ከታየ ‹ይኸው መውጫቸው› ነው የሚባለው።»

«የኪዳኔ ሕክምናስ?»

መዝገቧን ብብቷ ውስጥ ሸጎጠች። ተከራዮቹ በመስኮት ያዩናል፤ እውነቷን ነው። ሄጄ ለኦቦ ለሜሳ ነገርኩ። «ሳንቃዬንም?» አሉ። ሳንቃዎንም፣ አልኩ። ጎረምሶቹን ጠርቼ አስጠነቀቅኩ። ጉድባው ጫፍ ላይ ወንበር አውጥቼ እቀመጥ ጀመር፤ ልጅ ለጨዋታ ብሎ ጣውላ ሲጥል ባይ በድንጋይ አባርራለሁ። ክረምቱ ገባ። ጉድባው ሞላ። ዝናቡ ጋብ ሲል ወገቤ ድረስ እየጠለቅሁ ዳቦና መድኃኒት አመጣለሁ፤ ጋብ ካላለ ኦቦ ለሜሳ በገመድ ይወረውሩልኛል። ኪዳነወልድ ከቤት አልወጣም። ቀኝ እጁ መከፈት ጀምሮ ነበር፣ ተመልሶ ተጨበጠ። አስፋልቱ ላይ የሚያልፉትን መኪኖች በድምፅ ብቻ እየሰማ «ይሄ ፍሬኑ አልቋል፣ ይሄ ማርሽ አያውቅም» ይላል። ከዚያ እሱንም ተወው።

አንድ ቀን ከጉድባው ጥበቃዬ በስብሼ ስገባ አየኝ አየኝና «ጠጄ፣ ፈቀደ በፊት በኩል ዘጋብኝ» አለ። «በኋላ በኩልስ ማነው የዘጋብኝ?»

ምን ልበለው? ላስወጣህ ብዬ ነው ያሰርኩህ ይባላል? «ዝም በል፣ ፍርድ ቤት ያለው ነው» ብዬ ጮኽኩበት። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ዳኛ የሚመጣበት ቀን ደረሰ። የዚያን ቀን ጠዋት ኪዳነወልድ ትንፋሽ አጠረው። ሲያስለው ሰንብቶ ነበር፤ ጠዋት ግን ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ግንባሩ እሳት ነው፣ ደረቱ ያፏጫል። ሮጬ የፈቀደን ግድግዳ በጡጫ ደበደብኩ። «እትዬ፣ በዚህ በኩል በር የለውም፣ መስኮቱም በብረት ነው» አለችኝ አንዷ ተከራይ። ጀዋሂር ጋ ደወልኩ።

«ከዳኛዋ ኋላ ኋላ እየመጣን ነው» አለች። ዳኛው ተቀይረው በሴት ተተክተዋል። «ምን ሆኑ? ያን ያህል ነው? ትንሽ ብቻ ቢቆዩ... ጉድባውን እንዳለ ያዩታል።»

«ልጄ፣» አልኳት፣ «እነሱ ጉድባውን እንዳለ እስኪያዩ ባሌ እንዳለ አይቆይልኝም።»

«አውጧቸው» አለች በመጨረሻ። እኔ ግን ቃሏን አልጠበቅኩም፤ ወጥቼ ዝናብ ውስጥ እየጮኽኩ ነበር። «ኦቦ ለሜሳ! ኦቦ ለሜሳ! ኧረ ግንድ!»

ሽማግሌው በር ላይ ብቅ አሉና ፈዘው ቀሩ። «አንቺ፣ ዳኛዋ ዛሬ አይደል የምትመጣው? አትንኩ አላልሽም?»

«ሰውዬው ሊሞት ነው! አምጡ ነው የምልዎ!»

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ እንዴት እንደወጣ እንጃ። አንዱ የራሱን በር ነቅሎ መጣ። የዕድሩ አግዳሚ መጣ፣ የኦቦ ለሜሳ ሳንቃ መጣ፣ ለዳስ የተቀመጠ ቋሚ መጣ። ወንዶቹ ጎርፉ ውስጥ ደረታቸው ድረስ ቆመው በትከሻቸው ደገፉት። ኪዳነወልድን ከነአልጋው አነሳነው። መሃል ስንደርስ ከማዶ ዣንጥላ የያዙ ሰዎች አየሁ። ዳኛዋ ናቸው። ጀዋሂር፣ ፈቀደ፣ የፈቀደ ጠበቃ። ጠበቃው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ፈቀደ ግን ሮጦ ወረደና አንዱን የአልጋ እግር ያዘ። ተናድጄ እንዳልገፈትረው እጄ የኪዳኔን ጭንቅላት ደግፎ ነበር።

«በእኔ መኪና አስገቡት!» አሉ ዳኛዋ። ዣንጥላቸውን ፊቱ ላይ ዘረጉለት። እግዜር ይስጣቸው፣ ሰው ናቸው። መኪናው ሊነሳ ሲል መስኮቱን አወረድኩና የዛሬውን እንኳ ሳልናገር አላልፍም ብዬ «ክብርት ዳኛ፣ ይሄ እንጨት አሁን ነው የተጋደመው! አሁን፣ በዚች ሰዓት! ይጻፉልኝ!» አልኩ።

«እጽፈዋለሁ» አሉ። «ይሂዱ።»

ጻፉትም። ፍርዱ ሲነበብ አንድ ቃል አልተዛነፈም። «መሻገሪያው በዕለቱ የተሠራ መሆኑን ፍርድ ቤቱ ተገንዝቧል። ይሁን እንጂ በጎረቤት እገዛ በአጭር ጊዜ ሊሠራ መቻሉ፣ በጽኑ የታመመ ሰውም ከነአልጋው ሊሻገርበት መቻሉ በዓይን ታይቷል። ስለሆነም ቦታው መውጫ የሌለው ነው ሊባል አይችልም።» ጀዋሂር አጠገቤ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ የዚያን ቀን አልጮኽኩም። በምኑ ልጩህ? አንድም ውሸት የለበትማ! ውሸት ቢኖርበት ውሸታም ብዬ እገላገል ነበር። በጎረቤቶቼ ደግነት ሁለት ጊዜ ተረታሁ፤ ጎረቤቶቼን ደግሞ አልረግማቸው ነገር።

ኪዳነወልድ ዳነ። ሳንባው ነበር፤ ሐኪሞቹ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብለው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። የሚወጣበት ቀን ሲደርስ ግን ወዴት ይግባ? ጎርፉ ሳንቃውንም በሩንም አግዳሚውንም ጠራርጎ ወስዶታል። እህቱ ፀሐይ ሱሉልታ ናት፤ ታክሲ ይዛ መጣችና ወሰደችው። ቤቷ ደጁ ሜዳ ነው፣ ደረጃ የለውም፣ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ተሽከርካሪ ወንበር ያስኬዳል።

ጓዜን ጠቅልዬ ልከተለው ተነሳሁ። ጀዋሂር መጥታ ሻንጣዬን አየች። «እትዬ ጠጅቱ፣ አሁን ከለቀቁ አለቀልን» አለች። «ሁለተኛውን ይግባኝ አስገብቻለሁ። መንገድ የሚጠየቀው ለሚኖሩበት ቤት ነው። ባዶ ቤት መሆኑን ፈቀደ ካመለከተ፣ ላይኞቹ መዝገቡን ዘግተው ይመልሱናል። ቢያንስ እርስዎ እዚህ መኖር አለብዎት።» ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። ሻንጣውን ፈታሁ። ቤቱ የሁለታችን ልፋት ነው፤ ብተወው ኪዳኔ መመለሻ የለውም፣ ብቀመጥበት ኪዳኔ የለኝም። ጉድባው እስኪጎድል፣ ማምሻውን ሞልቶ መመለሻ እንዳይነሳኝ ፈርቼ፣ ሱሉልታ ደርሶ መልስ እንኳ አልሆነልኝም።

ማታ ማታ እንነጋገራለን። ትናንት ድምፁ ሌላ ነበር፣ የድሮው የሹፌሩ ድምፅ። «ጠጄ፣ ዛሬ ፀሐይ ደጅ አስቀመጠችኝ» አለ። «ልምምድ የሚሠሩ ሯጮች በግንባሬ ሲያልፉ አየሁ። አንዷ እጇን አውለበለበችልኝ። ግድግዳ ይዤ ሦስት አራት እርምጃ ተራመድኩ፣ ታምኛለሽ?»

«እሰይ የኔ ጌታ!» አልኩ። ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት፣ እውነት ደስ ብሎኝ። ለቅሶዬን ሰማ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «አንቺስ? አንቺ መቼ ነው የምትወጪው?» አለኝ።

«ይግባኝ ብያለሁ» አልኩት።